ጠርሙስ አንስተን የጨፈርንበት ለቅሶ፦ ስለ «ዊንተር ኢን አሜሪካ» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የልደት ግብዣ ላይ ነበርኩ። የሰውዬው ሃምሳኛ ዓመት ነው። ዲጄው ከጥላሁን ወደ ማህሙድ፣ ከማህሙድ ወደ አስቴር ሲመላለስ አመሸ። መሃል ላይ ማንም ያልጠበቀውን ለቀቀ። ፍሉት፣ ከሥሩ ቤዝ ጊታር። «ዘ ቦትል» ነው። ቤቱ ብድግ አለ።

ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ጋሼም ተነሱ። ቢራቸውን ከፍ አድርገው፣ አዝማቹ በመጣ ቁጥር ጠርሙሱን ለዘፋኙ የሚያቀብሉት ይመስል ይወዘውዛሉ። እኔም የራሴን አነሳሁ። ምን ላድርግ፣ ዘፈኑ ያስነሳል። ደግሞ ለዓመታት የሰማሁት እንደዚሁ ነው፤ እንደ ጥሩ የመጠጥ ዘፈን።

ማታ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን ደግሜ ከፈትኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለግጥሙ ጆሮ ሰጠሁት። አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ያ ዘፈን ያለበትን አልበም ስሰማና ስለሱ ሳነብ ከረምኩ። አልበሙ «ዊንተር ኢን አሜሪካ» ይባላል። የሠሩት ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች፣ ጊል ስኮት-ሄሮን እና ብራያን ጃክሰን ናቸው። በግንቦት 1974 ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ጃዝ አለበት፣ ሶል አለበት፣ ብሉዝ አለበት፣ በሙዚቃ የታጀበ ንግግርም አለበት። ስለ አሜሪካ ጥቁሮች ኑሮ፣ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ቤተሰብ ያወራል። ስለዚህ አልበምና ስለ ጊል ሲወራ የሰማኋቸው፣ አንዳንዶቹንም እኔው ራሴ ያወራኋቸው ስህተቶች ብዙ ናቸው። አንድ በአንድ ልሂድባቸው።

«ዘ ቦትል የመጠጥ ዘፈን ነው»

ስለ መጠጥ ነው። ለመጠጥ ግን አይደለም።

በ1973 ጊልና ብራያን ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከቤቱ ጀርባ መጠጥ መሸጫ ሱቅ አለ፤ ስሙ ሎግ ካቢን። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እጃቸው ላይ ባዶ ጠርሙስ አለ። ባዶውን የመለሰ ለሚቀጥለው ቅናሽ ያገኛል። ይህን ሰልፍ በየቀኑ ከመስኮት ማየት ይታያችሁ። ብዙ ሰው መጋረጃውን ይዘጋል። ጊል ግን ወርዶ አወራቸው።

በኋላ በቃለ መጠይቅ እንደተናገረው፣ አንዱ ሐኪም የነበረ ሰው ነው። ለወጣት ሴቶች ጽንስ ሲያስወርድ ተይዞ ሥራውን ያጣ። ሌላው በጦር ኃይሉ ውስጥ የበረራ ተቆጣጣሪ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ጄቶችን ወደ ተራራ መራቸው፤ ተከሰከሱ። ያን ቀን ከሥራ እንደወጣ ወጣ። አልተመለሰም።

ዘፈኑ ውስጥ የገቡት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስንኝ የሚጀምረው በልጅ ነው። ልጁ ይፈራል፣ ይሮጣል። አባትየው መደበኛ ሥራውን ትቶ መጠጣትን ሥራ አድርጎታል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ በአንድ ወቅት ቆንጆ የነበረች ሴት አለች። ባሏ እስር ቤት ነው፤ እሷ ወይን ጠጅ ጀምራለች። ሦስተኛው ላይ ያ ሐኪም ሱፉ ተጨማዶ ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጽንስ ማቋረጥን በመላ አሜሪካ ሕጋዊ ያደረገው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የተሰጠው በጥር 1973 ነው። አልበሙ የተቀዳው በዚያው ዓመት በመስከረምና በጥቅምት። ሐኪሙን ያስጠየቀው ሥራ፣ ዘፈኑ ሲቀዳ ሕጋዊ ሆኗል። ሐኪሙ ግን አሁንም ጠርሙሱ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ጉድ የተሸከመው ምት ግን ለወገብ የተሠራ ነው። ነጠላ ዘፈኑ በ1974 በአሜሪካ የአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ 15ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ጭፈራ ቤቱ ወደደው። ስለዚህ ስህተቱ የኛ የሀበሾች ብቻ አይደለም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዓለም ጠርሙስ እያነሳ ሲጨፍርበት ኖሯል።

«የኒውዮርክ ሙዚቃ ነው፣ የሃርለም»

ይህ ስህተት የመጣው ከመጀመሪያው አልበሙ ይመስለኛል። በ1970 የወጣው ያ አልበም ርእሱ ላይ የሃርለምን ሁለት ታዋቂ ጎዳናዎች ስም ይዟል፤ 125ኛ መንገድና ሌኖክስ። እዚያ ላይ ጊል ግጥሙን በከበሮ ታጅቦ ያነባል። ሰው ጊልን በዚያ ሥዕል ያዘውና ቀረ።

«ዊንተር ኢን አሜሪካ» ግን የዋሽንግተን አካባቢ ልጅ ነው። ጊል በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ፌደራል ሲቲ ኮሌጅ በሚባል ትምህርት ቤት የጽሑፍ መምህር ነበር። የተቀዳው ደግሞ የት መሰላችሁ? ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ዲ ኤንድ ቢ ሳውንድ በሚባል ትንሽ ስቱዲዮ።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ለኛ ሰው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ክትፎ፣ ፌንተን ላይ ማኪያቶ፣ በየሱቁ በር ላይ የትኩስ እንጀራ ማስታወቂያ። በ1973 እዚያ ሰፈር ጤፍ የሚሸጥ ቀርቶ ጤፍን የሚያውቅ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ለዓመታት በየቅዳሜው እንጀራ የገዛሁበት ከተማ ውስጥ ነው ይህ ሁሉ የተቀዳው። እኔ ግን ሃርለም፣ ሃርለም ስል ኖርኩ።

ስቱዲዮው ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ጊል ራሱ አውርቷል። ዋናው ክፍል ለሁለት ሰው አይበቃም። አንዳንዱን ዘፈን አብረው አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው መቅዳት አልቻሉም። ብራያን ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ጊል ወጥቶ የመጠጥ ውሃ ማሽኑ አጠገብ ይቆማል። ወይ ደግሞ በተቃራኒው። አልበሙን በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙ ያ መቀራረብ የሚሰማችሁ በምክንያት ነው። ሰዎቹ ባንድ ሆነው መድረክ ላይ አልነበሩም። ኮሪደር ላይ ነበሩ።

«መጠሪያውን የሰጠው ዘፈን አልበሙ ውስጥ አለ»

የለም። ዘጠኙን ዘፈኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትሰሙ «ዊንተር ኢን አሜሪካ» የሚል ዘፈን አታገኙም። ዘፈኑ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1975፣ በሌላ አልበም ላይ ነው። መጀመሪያ ስሙ መጣ፣ ዘፈኑ በኋላ ደረሰ። ልጅ ሳይወለድ ስም እንደማውጣት ነው።

ስለ ስሙ ካነሳን አይቀር፣ እኛ «ክረምት በአሜሪካ» ብለን ስንተረጉመው ነገሩ ይገለበጣል። የኛ ክረምት ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ግን እህል ነው። ከክረምት በኋላ አደይ አበባ ይመጣል ብለን ነው የምንጠብቀው። የጊል ዊንተር ሌላ ነው። ቅጠሉ ረግፏል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ምንም አይበቅልም። በስድሳዎቹ ተስፋ የተጣለባቸው ሰዎች፣ ማልኮም ኤክስ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ ሁለቱ ኬኔዲዎች፣ በጥይት አልቀዋል። የቀረው ሰው ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቷል። የሚቀርበው ትርጉም «ውርጭ በአሜሪካ» ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይገባዋል።

«የጊል አልበም ነው፣ ብራያን አጃቢ ነው»

ይህ ያናድደኛል። ሽፋኑ ላይ የሁለቱም ስም ነው ያለው። በሁለቱም ስም የወጣ የመጀመሪያው አልበማቸው ነው። ቢሆንም ዛሬም ብዙ ቦታ የጊል ብቻ ሆኖ ይነገራል።

ሁለቱ የተዋወቁት ፔንስልቬንያ ውስጥ ባለው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥንታዊ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። ጊል እዚያ የሄደው የሚያደንቀው ገጣሚ ላንግስተን ሂውዝ ስለተማረበት ነው። ብራያን በሦስት ዓመት ተኩል ያንሰዋል፤ ገና የብሩክሊን ልጅ እግር ነበር። «ዊንተር ኢን አሜሪካ» ሲቀዳ ሃያ አንድ ዓመቱን እየደፈነ ነው።

አልበሙ ላይ የምትሰሙት ፒያኖ በብዛት የሱ ነው። ያ እንደ ደወል የሚንቆረቆረው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ፌንደር ሮድስ የሚሉት፣ በብዛት የሱ ነው። ግብዣው ላይ ቤቱን ብድግ ያደረገው ፍሉትም የሱ ነው። ከሁለቱ ውጪ ቤዝና ድራም የሚመቱ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው የተጨመሩት፤ ዳኒ ቦወንስና ቦብ አዳምስ። እነሱም በሁሉም ዘፈን ላይ የሉም። ብዙው ቦታ አንድ ድምፅና አንድ ፒያኖ ነው።

እስቲ ፒያኖውን አውጥታችሁ ግጥሙን ብቻ አንብቡት። ጥሩ ግጥም ነው። ግን ማታ መኪና ውስጥ አያስቀምጥም።

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግጥም ንባብ ነው»

ስፖክን ወርድ፣ ማለትም በሙዚቃ የታጀበ ንግግር፣ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ሰው ማይክ ይዞ ሲጮህ ይታየዋል። ይህን አልበም ግን አብዛኛውን ጊል ይዘፍናል። ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ፣ የማይቸኩል ድምፅ አለው። ርእሱ ውርጭ ስለሆነ ሁሉም ነገር ጨለማ ነው የሚሉም አሉ፤ እሱም ልክ አይደለም። አባት ለተኛች ልጁ የሚዘፍንላት አለ። የወጣትነት ፍቅርን የሚያስታውስ አለ። ወንድሙን በአረብኛው ሰላምታ፣ በአሰላሙ አለይኩም፣ የሚሸኝ አለ።

በንግግር የተሠራው ትልቁ ሥራ አንድ ነው። ስምንት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ስሙ «ኤች ቱ ኦ ጌት ብሉዝ»። ኤች ቱ ኦ ኬሚስትሪ ክፍል የተማርናት ውሃ ናት። ውሃ በእንግሊዝኛ ዋተር። ዋተር ጌት። ቅኔ ቤት ቢሆን ኅብር ይሉት ነበር።

ዋተርጌት ምን እንደሆነ ለረሳ ሰው በአጭሩ፦ በሰኔ 1972 ዋሽንግተን ውስጥ ዋተርጌት የሚባል ሕንፃ ላይ የነበረው የዴሞክራቶች ቢሮ ተሰብሮ ሲገባ ሰዎች ተያዙ። ነገሩ ሲጎለጎል ክሩ ወደ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሰዎች አመራ። ኒክሰን ሥልጣን የለቀቀው በነሐሴ 1974 ነው።

አሁን ቀኖቹን አስተያዩአቸው። ጊል ይህን የቀዳው በ1973 መገባደጃ ነው። አልበሙ ገበያ ላይ የዋለው በግንቦት 1974። ኒክሰን ገና ዋይት ሐውስ ውስጥ ተቀምጧል። ብዙ ሰው ሥራውን ከውድቀቱ በኋላ የተሠራ ሹፈት አድርጎ ይሰማዋል። እሱ ግን የተናገረው ሰውዬው ወንበሩ ላይ እያለ ነው። ለዚያውም እዚያው ከተማ ውስጥ እየኖረ።

አጀማመሩ ያስቃል። የስልክ መልስ ሰጪ ማሽን ይመስል፣ የመረጣችሁት መንግሥት ለጊዜው አይሠራም የሚል ዓይነት መልእክት ያሰማል። ተሰብሳቢው ይስቃል። ብሉዙ ከሥር ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ይመጣል። መፈንቅለ መንግሥት የተካሄደባት ቺሊ ትመጣለች። ኬንት ስቴትና ጃክሰን ስቴት በሚባሉ የትምህርት ተቋማት የተገደሉት ተማሪዎች ይመጣሉ። አሜሪካ ምን ያህል ነው የምትታወረው እያለ ይጠይቃል፣ እየደጋገመ። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ያስቅሃል፤ አፍህን ከፍተህ እያለህ ነው የሚያጎርስህ።

ኒክሰን ከለቀቀ በኋላ ፕሬዚዳንት ፎርድ ይቅርታ ሲያደርግለት ጊል ለዚያም ሌላ ንግግር ሠራ። እሱ 1975ቱ አልበም ላይ ነው።

«አብዮቱ በቴሌቪዥን አይተላለፍም ማለት መንግሥት ዜናውን ያፍነዋል ማለት ነው»

«አብዮቱ በቴሌቪዥን አይተላለፍም» የጊል በጣም የታወቀ ሥራ ርእስ ነው፤ ስህተቱም ከሁሉም በላይ የተሠራጨው ነው። ቲሸርት ላይ ተጽፏል፣ ሰልፍ ላይ ተይዟል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ኢንተርኔት በተዘጋ ቁጥር ይለጠፋል። በመጀመሪያ፣ ያ ሥራ «ዊንተር ኢን አሜሪካ» ላይ የለም። መጀመሪያ የቀዳው በ1970 በከበሮ ነው። በ1971 ደግሞ ሙሉ ባንድ ይዞ እንደገና ሠራው። ቤዙን የመታው ሮን ካርተር፣ ፍሉቱን የነፋው ሂዩበርት ሎውስ፣ ድራሙን የመታው በርናርድ ፐርዲ ነበሩ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው።

ትርጉሙ ላይ ነው ዋናው ነገር። ግጥሙን ከሰማችሁት ስለ ሳንሱር አንድም ነገር አይልም። የሚዘረዝረው የዘመኑን የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ ቤንዚን፣ የሽንት ቤት ማጽጃ። የሚናገረው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ጊል ቆይቶ ሲያስረዳ፣ የመጀመሪያው ለውጥ የሚመጣው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው አለ። ሰው ሐሳቡን የሚቀይርባትን ቅጽበት ማንም ካሜራ ሊቀርጻት አይችልም። ስለዚህ አይተላለፍም የተባለው ስለሚታፈን አይደለም። የሚታይ ነገር ስላልሆነ ነው።

ቴሌቪዥን ጊልን አግዶት ነበር የሚሉም አሉ። በታኅሣሥ 1975 በ«ሳተርደይ ናይት ላይቭ» ቀርቦ ስለ ጆሃንስበርግ ዘፍኗል። ስለ ደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ትግል፣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን፣ ቅዳሜ ማታ።

እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። «ዊንተር ኢን አሜሪካ» የወጣበት ዓመት የኛው አብዮት የፈነዳበት ነው። የኛ አብዮት ግን በቴሌቪዥን ተላልፏል! መስከረም 1 ቀን 1967፣ በኛ አቆጣጠር፣ በእንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እያፈራረቀ አሳየ። በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ቤት የጎረቤት ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ እንዳየው ትልልቆቹ ሲያወሩ ነው ያደግሁት። ጊል ያን ማታ እዚያ ቢሆን ምን ይል ነበር? ስክሪኑን ሳይሆን ስክሪኑን የሚያዩትን ሰዎች ፊት የሚያይ ይመስለኛል።

«የራፕ አባት»

የጊል ስም ላይ እንደ ማዕረግ ተለጥፏል። እሱ ግን አይወደውም ነበር። ራሱን ብሉዞሎጂስት ይል ነበር፤ የብሉዝ ተመራማሪ እንደማለት። ራፕን እኔ አመጣሁት ብሎ አያውቅም።

ልክም ነው። ግጥምን በጃዝ ማንበብ ከሱ በፊት ነበር። ያው ላንግስተን ሂውዝ በ1958 ከቻርልስ ሚንገስ ጋር ሆኖ ግጥሞቹን በአልበም ቀድቷል። ላስት ፖየትስ የተባሉት ገጣሚዎች በግንቦት 1968፣ በማልኮም ኤክስ ልደት ቀን፣ ሃርለም ውስጥ ተመሥርተው ነበር። ሊንከን ዩኒቨርሲቲ መጥተው ሲያቀርቡ ጊል ከተመልካቹ መሃል ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ ዋትስ ፕሮፌትስ ነበሩ። ጊል ከሰልፉ አንዱ ነው፤ የሰልፉ መጀመሪያ አይደለም።

ይልቅ ራፐሮቹ የሱን ድምፅ እየቆረጡ ተጠቅመውበታል። ካንዬ ዌስት በ2005ም በ2010ም ወስዶታል። ጊልም በ1994 ለወጣት ራፐሮች የታላቅ ወንድም ምክር የሚመስል ሥራ አወጣ። እናንተ መልእክተኞች ናችሁ፣ የምትሉትን እወቁ፣ ሴቶችን አክብሩ የሚል ነው። አባት ነኝ አላለም። ግን ምክሩን ከመለገስ አልተቆጠበም። ጋሼዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው።

«ያልተማረ የጎዳና ገጣሚ»

ጎዳናውን ያውቀዋል። ያልተማረ ግን አይደለም። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የታተመው በ1970፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ እያለ ነው። በ1972 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ ማስተርሱን ይዟል። እናቱ የኦፔራ ዘፋኝ ነበረች። አባቱ ደግሞ ከጃማይካ የመጣ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። ለስኮትላንዱ ሰልቲክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። ኳስ ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ለጊል ያላቸው አክብሮት ወዲያው ይጨምራል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ጊልን ያሳደገችው ግን ቴነሲ ውስጥ ጃክሰን በምትባል ከተማ አያቱ ናት። ከጎረቤት የቀብር አስፈጻሚ ቤት አሮጌ ፒያኖ ገዝታ አመጣችለት። መጀመሪያ የተማረው በዚያ ነው።

«በዘመኑ ማንም ያልሰማው አልበም ነው»

ሰምቶታል። በጃዝ አልበሞች ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ደርሶ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ያሳተመው ስትራታ ኢስት የሚባል በሙዚቀኞች የተመሠረተ ትንሽ ኩባንያ ነው። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ ሥራው የሠሪው ሆኖ ይቀራል። አቅሙ ግን ትንሽ ነው። ሸክላው ሲያልቅ አለቀ። ለብዙ ዓመታት ፈላጊው ብዙ፣ የሚገኘው ጥቂት ሆኖ ቆየ። በሲዲ እንደገና የታተመው በ1998 ነው። በመሃል የነበረው ሃያ ምናምን ዓመት ነው «ማንም አልሰማውም» የሚለውን ወሬ የወለደው።

«ስለ ሱስ ሲሰብክ ቆይቶ ራሱ ወደቀበት»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ በምላስ ጫፍ ነው። «አየህ፣ ሰባኪው ራሱ...» ይሉና ይስቃሉ።

መውደቁ እውነት ነው። ኮኬይን ብዙ ዓመቱን በልቶበታል። በ2001 ኮኬይን ይዞ በመገኘት ተፈርዶበት ታስሯል። በ2006 እንደገና። በ2010፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ አዲስ አልበም አወጣ፤ ድምፁ የተሰነጠቀ፣ ግን ሙሉ ነበር። በግንቦት 2011 ኒውዮርክ ውስጥ በ62 ዓመቱ አረፈ።

የተሳሳተው «ሲሰብክ» የሚለው ነው። ጊል ስለ ሱሰኛ ሲጽፍ ከላይ ሆኖ ጣት ቀስሮ አያውቅም። በ1971 ስለ አደንዛዥ ዕፅ የጻፈው ዘፈን የሚናገረው በሱሰኛው አፍ ነው፤ ቤቴ መመለስ አልችልም የሚል ሰው ነው። «ዘ ቦትል»ንም እስከ መጨረሻው ስሙት። ልጁ አልፏል፣ ሴትዮዋ አልፋለች፣ ሐኪሙ አልፏል። ከዚያ ዘፋኙ ራሱ ሰልፉ ውስጥ ይገባል። ምናልባት እኔን ፈልጋችሁ ብትመጡ የት እንደምገኝ ታውቃላችሁ ይላል። ይህን የቀዳው በሃያ አራት ዓመቱ ነው።

ግብዣው ላይ ያ ቦታ ሲደርስ ሁላችንም አብረን ጮኸናል።

ባለፈው ቅዳሜ እንጀራ ልገዛ ወጥቼ እኚያን ጋሼ ሱቁ ውስጥ አገኘኋቸው። «ያ የጠርሙሱ ዘፈን የማን ነው ያልከኝ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እዚሁ ሰፈር እንደተቀዳም ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም። ስለ ሰልፉ፣ ስለ ባዶው ጠርሙስ፣ ስለ ሐኪሙ ነገርኳቸው።

ዝም ብለው ሰሙኝ። እንጀራውን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ ትኩስ መሆኑን አዩ።

«ታዲያ እንዲህ አስጨፋሪ አድርገው ለምን ሠሩት?» አሉኝ።

መልስ ሳላገኝ ሁለት እሽግ ይዘው ወደ ሂሳብ መክፈያው ሄዱ። ተረከዛቸው ግን ምቱን ይዞ ነበር።